አፉ የሁሉም፣ መድረኩ የጥቂቶች፦ ማኅበራዊ ሚዲያ በዜና፣ በንግድና በአደባባይ ሕይወት

እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከኒውዮርክ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ከወፍ መንጋ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሞተሮች ሥራ አቆሙ። አብራሪው ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው። ተሳፋሪዎቹን ለማንሳት በደረሰ ጀልባ ላይ የነበረ አንድ ሰው ስልኩን አወጣ። ክንፉ ላይ ተደርድረው የቆሙትን ሰዎች ፎቶ አነሳና ትዊተር ላይ ለቀቀው። ሰውየው ጋዜጠኛ አልነበረም። ፎቶው ግን ብዙ ትልልቅ የዜና ተቋማትን ቀድሞ ዓለምን አዳረሰ። 155ቱም ሰዎች በሕይወት ተረፉ።

ማኅበራዊ ሚዲያ የምንለው ተጠቃሚው ራሱ የሚሞላው መድረክ ነው። በጋዜጣና በሬዲዮ ጊዜ ተናጋሪውና አድማጩ ለየብቻ ነበሩ። እዚህ ግን ጠዋት አንባቢ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ ጸሐፊ ይሆናል። ፌስቡክ በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ትዊተር በ2006፣ ዋትስአፕ በ2009፣ ኢንስታግራም በ2010፣ ቴሌግራም በ2013 መጡ። ትዊተር በ2023 ስሙን ወደ ኤክስ ቀይሯል። የቲክቶክ ዘመን ከነዚህ መድረኮች ልደት ዘግይቶ የመጣ ነው።

እኔን ግን ከነዚህ የልደት ዓመታት ይልቅ ትንንሽ የሚመስሉ ሁለት ለውጦች ይበልጥ ይስቡኛል። እስከ 2006 ድረስ ፌስቡክ ላይ የጓደኛን ወሬ ለማየት ገጹ ድረስ መሄድ ግድ ነበር። በዚያ ዓመት ኒውስ ፊድ መጣና ወሬው ራሱ ወደ ሰው መምጣት ጀመረ። በ2009 ደግሞ ላይክ የምትባለዋ ቁልፍ ተጨመረች። አንዱ ወሬውን አመጣ፤ ሌላዋ የቱን እንደወደድን ተናገረችብን። ሁለቱ ሲገናኙ ኮምፒውተሩ ዓይናችንን የሚይዘውን እየመረጠ ከፊት ማሰለፍ ቻለ። አልጎሪዝም የሚባለው ይህ መራጭ ነው። መናገር ለሁሉም ተፈቀደ፤ ማን ይሰማ የሚለውን ግን መራጩ ያዘው። ስለ ዜናም፣ ስለ ንግድም፣ ስለ ፖለቲካም ስናወራ ዞረን ዞረን እዚህችው ነገር ላይ እንመጣለን።

ከዜናው እንጀምር። ሜይ 25 ቀን 2020 በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ስር ሲሞት የቀረጸችው በቦታው የነበረች የ17 ዓመት ልጅ ናት። የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ሰውየው የጤና እክል ገጥሞት እንደሞተ ነበር የሚያወራው። ቪዲዮው ባይለቀቅ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ሊቀር ይችል ነበር። ልጅቷ በ2021 ከታዋቂው የጋዜጠኝነት ሽልማት ከፑሊትዘር ልዩ እውቅና ተሰጣት። ይገባታል።

የተለቀቀ ቪዲዮ ሁሉ ግን ዜና አይደለም። ጎበዝ ጋዜጠኛ አንድ ቪዲዮ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ቀድሞ እንደለቀቀው ነው። ከዚያ ምስሉን በምስል መፈለጊያ ይፈትሻል። ‹የዛሬ ነው› እየተባለ የሚዞረው ፎቶ ከዓመታት በፊት፣ ያውም ሌላ አገር የተነሳ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥሎ ቪዲዮውን በየሰከንዱ እያቆመ ያያል። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመኪና ታርጋ፣ የጣሪያ ቅርጽ፣ ከኋላ የሚታይ ተራራ። እነዚህን ከሳተላይት ካርታ ጋር ያስተያያል። የጥላው አቅጣጫና ርዝመት ሰዓቱን ይጠቁመዋል። በዕለቱ ዝናብ ከነበረና መሬቱ ደረቅ ከሆነ አንድ ነገር ልክ አይደለም። በመጨረሻም የቀረጸውን ሰው ፈልጎ ያናግራል። በ2014 የተመሠረተው ቤሊንግካት የተባለ የምርመራ ቡድን የታወቀው በዚሁ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ዩክሬን ላይ ተመትቶ 298 ሰዎች ያለቁበትን የማሌዢያ አውሮፕላን ጉዳይ ሲመረምር፣ ሰዎች ከለቀቋቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ተነስቶ የሚሳይል ማስወንጨፊያውን ጉዞ ተከትሏል። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ክብር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ትዕግሥቱ ሲጠፋ የሚጎዳው ሰው ነው። በኤፕሪል 2013 የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰዎች ፎቶ እያገላበጡ ‹ወንጀለኛውን› ፍለጋ ገቡ። ጠፍቶ በቤተሰቡ ይፈለግ በነበረ አንድ ተማሪ ላይም ጣታቸውን ቀሰሩ። ልጁ ከነገሩ የለበትም። ጭንቅ ላይ የነበረው ቤተሰብ ግን ስድቡን ሁሉ ቻለ። በዚያው ወር የአሜሪካው ዜና ወኪል የአሶሺዬትድ ፕሬስ የትዊተር አካውንት ተጠልፎ ዋይት ሀውስ ውስጥ ፍንዳታ እንደደረሰ ተጻፈበት። በደቂቃዎች ውስጥ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወርዶ ተመልሶ ወጣ።

ውሸት ለምን ይፈጥናል? በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ትዊተር ላይ የተዛመቱ 126 ሺህ ያህል ወሬዎችን አይቷል። ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ በ70 በመቶ የበለጠ ሪትዊት የመደረግ፣ ማለትም በሌሎች መልሶ የመለቀቅ፣ ዕድል ነበረው። ልዩነቱን ያመጡት ደግሞ በራሳቸው የሚለጥፉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች (ቦቶች) አይደሉም፤ ሰዎች ናቸው። ውሸቱ አዲስ ነገር ይመስላል። ያስገርማል፣ ያስደነግጣል፣ ያስቆጣል። የተቆጣ ሰው ጣቱ ሼር ላይ ነው።

የዜና ተቋማትን ሌላ ነገርም ጎድቷቸዋል፤ ገንዘቡ። ማስታወቂያው ወደ መድረኮቹ ሄደ፣ አንባቢውም በነሱ በኩል መምጣት ለመደ። ስለዚህ መድረኩ ሐሳቡን ሲቀይር ጋዜጣው ይደነቃል። ፌስቡክ በጃንዋሪ 2018 ከዜና ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ፖስት እንደሚያስቀድም ሲናገር ብዙ ድረ ገጾች ጎብኚ አጡ። ካናዳ መድረኮቹ ለዜና እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ ስታወጣ ደግሞ የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ ባለቤት ሜታ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ካናዳውያን ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ዜና እንዳያዩ ዘጋ።

ለትንሽ ነጋዴ ነገሩ እውነተኛ በረከት ነው። ሱቅ መከራየት ያልቻለ ሰው ስልኩን ሱቅ አደረገ። ፎቶ ይለጥፋል፣ ከስሩ ‹ዋጋ?› የሚል ኮመንት ይመጣል፣ ‹ኢንቦክስ› የሚል መልስ ይከተላል። በእኔ እምነት ዋጋን በግልጽ መጻፍ ይሻላል፤ የተደበቀ ዋጋ ገዢ ያሸሻል። ዋናው ችግር ግን ሱቁ የራሱ አለመሆኑ ነው። አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ፖስቱን የሚያዩለት ጥቂቶቹ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ሌሎቹ ጋ ለመድረስ ከፍሎ ቡስት ማድረግ አለበት። ሜታ ገቢውን ከሞላ ጎደል የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጡ፣ ሥራቸው እዚያ ብቻ የነበረ ነጋዴዎች የደንበኛ ስልክ ቁጥር እንኳ በእጃቸው አልነበረም። ቁጥሩን ሌላ ቦታ መዝግቦ መያዝ ብልህነት ነው።

በአደባባይ ሕይወት ውስጥ ያለው ተስፋና ስጋት አንድ ላይ የተገመደ ነው። በ2011 መጀመሪያ የግብፅ ወጣቶች በፌስቡክ ተጠራርተው ወጡ። መንግሥት ኢንተርኔቱን ቆረጠ። ሕዝቡ ግን አደባባዩን አልለቀቀም። ይህን ሳይ ፌስቡክ አብዮት አመጣ የሚለው አባባል የሰዎቹን ድፍረት የሚያሳንስ ይመስለኛል። አሜሪካዊቷ የመብት ተሟጋች ታራና በርክ በ2006 የጀመረችው ‹ሚ ቱ› (እኔም) የሚል ቃል በኦክቶበር 2017 ሃሽታግ ሆኖ ሲዞር፣ ጥቃት ደርሶባቸው ዝም ያሉ ሴቶች ብቻቸውን እንዳልሆኑ አዩ።

በዚያው መንገድ ጥላቻም ይሄዳል። በ2018 የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ማይናማር ውስጥ ሮሂንጋ በሚባሉት ሙስሊም አናሳዎች ላይ ለተዛመተው ጥላቻ ፌስቡክ ድርሻ እንደነበረው ተናገሩ፤ ኩባንያውም በቂ ሥራ እንዳልሠራ አመነ። በዚያው ዓመት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ያለፈቃዳቸው ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት እንደደረሰ ተሰማ።

ሊደረግ የሚችል ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ዋትስአፕ በኤፕሪል 2020 ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት ወደ አንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ገደበ። እንዲህ ያለው መልእክት በ70 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው አስታወቀ። የማንም አፍ አልተዘጋም፤ ፍጥነቱ ብቻ ተያዘ። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ደግሞ ጥፋት የተገኘበትን መድረክ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው እስከ 6 በመቶ ይቀጣል። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው ያወጣችው ሕግ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ሾልኮ የገባ ልጅ አይቀጣም፣ ወላጁም አይቀጣም። እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰው ቅጣት የሚያርፈው በመድረኩ ባለቤት ላይ ነው።