የፈንጂ ተን ማነፍነፍ ምንድን ነው?

«ፈንጂ አነፍናፊው መሣሪያ አልጮኸም፤ ማሳው ንጹህ ነው።» ከጦርነቱ ወዲህ ወሎ ውስጥ ስላልፈነዳ ተተኳሽ በተወራ ቁጥር ይህን የሚል አይጠፋም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ዘመናዊው መሣሪያ ከሩቅ ያሸተዋል» ሲል አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። እረኛ ልጅ ያገኘውን ብረት «አልጮኸበትም» ብሎ እንዲያነሳው ማድረግ እኮ ነው!

ወንድሜ፣ የፈንጂ ተን ማነፍነፍ ማለት አየር ስቦ ከፈንጂ የተነኑ ሞለኪውሎችን መፈለግ ነው፤ መሣሪያው የሚያውቀው ወደ ውስጡ የሳበውን አየር ብቻ ነው። ከፈንጂው የተነኑ ሞለኪውሎች እዚያ አየር ውስጥ ከሌሉ፣ ፈንጂው እግርህ ሥር ቢሆንም አይጮህም።

ቡና ሲቆላ ጎረቤት ይሸተዋል። ጥሬው በጆንያ ተቋጥሮ ጓዳ ሲቀመጥ ግን ማን ያውቅበታል? አብዛኛው ወታደራዊ ፈንጂ እንደ ጥሬው ነው። ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ተኑ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበዛ ከአንድ ቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 10 ገደማ ቢሆን ነው። አርዲኤክስ የተባለው ሌላው ፈንጂ ተኑ ከዚያም በሺህ እጥፍ ያህል ያንሳል። ይህም አየሩ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲጠግብ ነው፤ ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል። ደግሞ ቡና የተጠጣበት ቤት ቡናው ካለቀ በኋላም ይሸታል። ፍንዳታ የነበረበት አፈርም እንዲሁ ቅሪቱ መሣሪያውን ያስጮኸዋል፤ ቦንብ ግን የለም።

እንዲያውም ብዙ ጊዜ አነፍናፊ ውሻም ሆነ መሣሪያ የሚይዘው ቲኤንቲን ራሱን ሳይሆን፣ ሲመረት አብሮት የሚቀረውን ዲኤንቲ የተባለ ኬሚካል ነው። እሱ በቀላሉ ይተናል። እ.ኤ.አ. የ1991ዱ የሞንትሪያል ስምምነት ፕላስቲክ ፈንጂ ውስጥ የሚተን መለያ ኬሚካል እንዲጨመር ያስገደደውም፣ ፈንጂው ለብቻው ተኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ነው።

«ከሩቅ» ለሚሉት፦ ኤዲኢ 651 የተባለው መሣሪያ እንዲህ እየተባለ ለኢራቅ በውድ ተሸጧል። ውስጡ የሚሠራ ነገር አልነበረውም። ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

አፈሩም የራሱ ጣጣ አለው። ደረቅ አፈር ሞለኪውሎቹን አጥብቆ ይይዛል። ሲርስ ውሃው ቦታቸውን ይወስድና ይለቃቸዋል። ስለዚህ በደረቅ ጥር ዝም ያለ መሣሪያ፣ ያው ማሳ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሊጮህ ይችላል። ማሳ የሚያጸዱ ባለሙያዎች በማሽተት ብቻ የማይወስኑት ለዚህ ነው፤ የብረት መፈለጊያ ይዘው መሬቱን ስንዝር በስንዝር ይፈትሹታል።