«በአቅርቦት ሰንሰለት መማር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎች በገዢና በአቅራቢ ድርጅቶች መካከል የሚደረገውን ይህን መማር መረጃ ከመለዋወጥ ጋር ያምታቱታል። አቅራቢው የላከው ክፍል ቀዳዳው ጠብቦ ሲገኝ ቅሬታ ጽፎ መመለስ መረጃ መስጠት ብቻ ነው። መማር የሚባለው የሁለቱም ድርጅት ባለሙያዎች ማሽኑ አጠገብ ቆመው መንስኤውን (ለምሳሌ የመሰርሰሪያውን መበላት) ሲያገኙና የመሰርሰሪያው መቀየሪያ ጊዜ በአቅራቢው የሥራ መመሪያ ላይ ሲሰፍር ነው። ካልሰፈረ ሠራተኛው ሲለቅ እውቀቱም አብሮ ይሄዳል።

በአፈጻጸም ላይ ያለው ለውጥ በስሌት ይታያል። 10 ክፍሎች ለሚገጣጠሙበት ምርት፣ ከእያንዳንዱ ክፍል 99 በመቶው ደህና ቢሆን እንኳ፣ ሙሉ በሙሉ እንከን የለሽ የሚሆነው ምርት 90 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ክፍሎቹ 99.9 በመቶ ሲደርሱ ወደ 99 ይጠጋል። ድጋሚ ሥራና መጠባበቂያ ክምችትም ይቀንሳሉ።

ጉዳዩን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ገዢው ነው፤ ከዚህ የሚገኘውን ቁጠባ በሙሉ በዋጋ ቅነሳ ከወሰደ፣ አቅራቢው ቀጣዩን ብልሃት ይደብቃል። ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት ለአቅራቢው መተው ይሻላል።