ኮራል ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም

የተሳሳተ አመለካከት፦ ነጭ የሆነ ኮራል አልቆለታል።
እውነታው፦ አልሞተም፣ ተርቧል። ኮራል እንስሳ ነው፤ አብዛኛውን ምግቡንም ቀለሙንም የሚያገኘው ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች (ዕፅዋት መሰል የውሃ ፍጥረታት) ነው። ሙቀት ሲበዛበት ያስወጣቸዋል። ጠጋ ብሎ ላየው፣ የነጣው በኖራ አጥንቱ ላይ መስታወት የመሰለ ስስ ሥጋ አለበት፤ የሞተው ግን ባዶ አጥንት ነው፣ ብዙም ሳይቆይ አልጌ ይወርሰዋል። ተቆጣጣሪዎች ሙቀቱን እንደ ዕዳ ይደምሩታል፦ ውሃው ከዓመቱ ሞቃታማ ወር አማካይ በ1 ዲግሪ በልጦ 1 ሳምንት ከቆየ አንድ ነጥብ ነው። በ12 ሳምንት ውስጥ 4 ሲሞላ መንጣት፣ 8 ሲሞላ ሞት ይጠበቃል። ከዚያ በፊት ውሃው ከቀዘቀዘ ብዙው ያገግማል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ችግሩ የዓለም ሙቀት ስለሆነ እዚያው ባሕሩ ላይ የሚሠራ ነገር የለም።
እውነታው፦ ግማሹ ልክ ነው። 2,300 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የአውስትራሊያን የኮራል ክምችት፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍን፣ ማንም አያቀዘቅዘውም፤ እ.ኤ.አ. በ2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022 እና 2024 በሰፊው ነጥቷል። በሁለት ሙቀት መካከል ያለችው የማገገሚያ ጊዜ ግን በሰው እጅ ናት፤ የሚሻማትም «የእሾህ አክሊል» የሚባለው የባሕር ኮከብ ነው። ሆዱን አውጥቶ ኮራሉ ላይ ያነጥፍና ሥጋውን አሟሙቶ ይበላል። ድንበሩ ቁርጥ ያለ ነጭ ጠባሳ፣ አጠገቡም ጤነኛ ኮራል ከታየ ተጠርጣሪው ሙቀት ሳይሆን እሱ ነው። ጠላቂዎች ድሮ አንዱን ኮከብ ደጋግመው ይወጉት ነበር፤ አሁን ከከብት ሐሞት የሚወጣ ጨው አንዴ ከተወጋ ይበቃዋል። የወጥ ቤት አቼቶም በሙከራ ሠርቷል። ሥራው የሚከሽፈው ኮከቡ በአካባቢው በጋ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ሲጀመር ነው፤ አንዲት ሴት ሚሊዮኖችን ትጥላለች። ከሸንኮራ እርሻ በወንዝ የሚወርደው ማዳበሪያም ለጫጩቶቹ ቀለብ የሚሆነውን ደቃቅ አልጌ ያበዛል፤ ስለዚህ እርሻውን የተወ ዘመቻ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዋናው ጥፋተኛ የፀሐይ ክሬም ነው።
እውነታው፦ ሃዋይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሁለት የክሬም ኬሚካሎች እንዳይሸጡ ከልክላለች፤ ይበል። በሺህ ኪሎ ሜትር የሚለካ መንጣት ግን ከክሬም አይመጣም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በእስራኤል ደቡብ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው የኤላት ኮራል ሙቀት ስለሚችል ስጋት የለበትም።
እውነታው፦ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራል ሌላውን የሚያነጣ ሙቀት እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ቆሻሻን ግን አይችልም፤ የዓሣ ማርቢያ ኬጆቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ከኤላት የተነሡት በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አልጌውን የሚግጠው ባለረጅም እሾህ የባሕር ጃርት በበሽታ በቀናት ውስጥ ረገፈ፤ የሚግጥ ከጠፋ አልጌው ኮራሉን ቦታ ይነሣዋል፣ ውሃው ባይሞቅም።