ለፈጣን መኪና ጎማ ስንቀይር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጓደኛዬ ጉልበተኛ መኪና አለው። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚልክ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ወንበር ላይ የሚለጥፍ ዓይነት። በቀደም ደወለልኝና «ጎማ ልቀይር ነው፤ ምርጡ የቱ ነው?» አለኝ። «ለምን ዓይነት መንገድ?» ስለው ተበሳጨ። «ምርጥ ምርጥ ነው፣ ምን መንገድ አለው!» አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ያነሳቸው ነገሮች የእሱ ብቻ አይደሉም፤ ከብዙ ሰው የሰማኋቸው ናቸው። እና እዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው ብዬ ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንስማማ። ፍሬን መኪና አያቆምም። ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው አስፋልቱን ነክሶ የያዘው ላስቲክ ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ደግሞ ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። የፈረስ ጉልበቱም፣ ትልልቁ ፍሬንም፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤሱም ሁሉ የሚያልፈው በአራት መዳፍ በኩል ነው።

«ሰፋ ያለ ጎማ ባስገባ በደንብ ይይዛል»

ግማሽ እውነት ነው። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ስፋት በዋናነት የሚወሰነው በተሸከመው ክብደትና በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ነው። ሁለቱን ሳትነኩ ጎማውን ብታሰፉት ቦታው ብዙም አይጨምርም፤ ይበልጥ የሚቀየረው ቅርጹ ነው። ከፊት ወደ ኋላ ያጥራል፣ ወደ ጎን ይሰፋል። ይህ ደረቅ ኩርባ ላይ ይጠቅማል፣ አልክድም። ዝናብ ሲመጣ ግን ያው ሰፊ ጎማ ከፊቱ ብዙ ውሃ መግፋት ይጠበቅበታል፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ደግሞ ጎማው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መሪው ድንገት ቅልል ይላችኋል። ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም ጌጥ ነው።

የቸርኬው ነገርም አለ። ስፋቱ 245 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 40 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር 18 ኢንች የሆነ ጎማ የሚታሰረው ከ8 እስከ 9.5 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ነው። ከዚያ በጠበበው ላይ በግድ ካስገባችሁት ጎኑ እንደ ተነፋ ጉንጭ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ኩርባ ላይም መኪናው ይዋልላል። ብዙ ብር አውጥቶ የባሰ መኪና ይዞ መመለስ ማለት ይኼ ነው። እኔ ብጠየቅ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ የተሻለ ላስቲክ እገዛለሁ እንጂ ተራ ላስቲክ በሰፊው አልገዛም።

«ልኩ ከገጠመ ሌላው ቁጥር ምንም አይደለም»

እስቲ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ በሉና ጽሑፉን አንብቡ። 245/40ዜድአር18 97ዋይ ይላል እንበል። 245 ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። 40 ማለት የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 40 በመቶ ነው፤ 98 ሚሊሜትር ይመጣል። 18 የቸርኬው ልክ በኢንች። እስከዚህ ሁሉም ሰው ያነባል። ከዚያ በኋላ ያለው 97 ግን አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ዋይ ደግሞ በሰዓት እስከ 300 ኪ.ሜ። ደብልዩ 270 ነው፣ ቪ 240፣ ኤች 210።

«እኔ 300 የት ልነዳ ነው?» አለኝ ጓደኛዬ። ልክ ነው፣ አይነዳም። ግን ፊደሉ ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም የሚያወራው። ጎማ ሲሽከረከር በየዙሩ ይተኛል፣ ይነሳል፣ በዚያው ይሞቃል። ፊደሉ ያንን ሙቀት ምን ያህል እንደሚችል የሚነግር ነው። ስለዚህ የመኪናው መመሪያ ካዘዘው ፊደል ዝቅ አትበሉ።

የጭነቱ ቁጥር ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው። በዚሁ ልክ 93 የተጻፈበት ጎማ ታገኛላችሁ፤ እሱ የሚሸከመው 650 ኪሎ ነው። 97 የሆነው ኤክስኤል የሚባለው የተጠናከረው ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኤክስኤል ያንን 730 ኪሎ የሚሸከመው 42 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አየር ሲሞላ ነው። በ36 ከሞላችሁት የሚሸከመው ከተራው ጋር እኩል ያህል ነው። ተጨማሪውን የሚሸከመው አየሩ ነው፤ ላስቲኩ አየሩን የሚችል ሆኖ ነው የተሠራው እንጂ።

«የበጋ ጎማ ለዝናብ አይሆንም»

ይህችኛዋን የፈጠረው ቋንቋችን ይመስለኛል። በጋ ስንል ደረቅ፣ ክረምት ስንል ዝናብ ነው ወደ ጭንቅላታችን የሚመጣው። እና ሰው «የክረምት ጎማ» ሲባል የዝናብ ጎማ ይመስለዋል። አይደለም! እነዚህ ስሞች የመጡት በረዶ ካለበት አገር ነው። የክረምት ጎማ የሚባለው ለብርድና ለበረዶ የተሠራ፣ ላስቲኩ በቅዝቃዜ የማይደርቅ ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ደግሞ ሞቅ ባለ አየር የሚሠራ ማለት ነው፤ ጥሩ የበጋ ጎማ በሞቃት ዝናብ ላይ ከክረምቱ ጎማ ቀድሞ ያቆማችኋል። መለያው ውሃ ሳይሆን ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ ላስቲክ መጠንከር ይጀምራል፣ ደረቅ መንገድ ላይ እንኳ መያዙ ይቀንሳል። በሞቃት አገር ፈጣን መኪና የሚነዳ ሰው «ክረምት ገባ» ብሎ የክረምት ጎማ ቢያስገባ የሚያተርፈው ለስላሳ መሪና ቶሎ የሚያልቅ ጎማ ነው።

«የውድድር ጎማ ከሆነማ ሁሉንም ይበልጣል»

ሴሚ ስሊክ ማለታቸው ነው። ሲታይ ያምራል፣ ጥርሱ ጥቂት፣ ፊቱ ሰፊ። ግን እሱ ሲሞቅ ነው የሚሠራው። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ሥራ ስትደርሱም ገና ለብ አላለም። ውሃ የሚያወጣበት ቦይም ያን ያህል የለውም። የውድድር ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ግሩም ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው ግን በየጠዋቱ ከመደበኛው ጥሩ ጎማ ያነሰ እየያዘ ነው የሚውለው።

«ሁለት ብቻ ከተቀየረ አዲሱ ከፊት ይግባ»

ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ ይህን ያልሰማችሁ ካላችሁ እድለኛ ናችሁ። «መሪው ከፊት ነው፣ ፍሬኑም የሚበረታው ከፊት ነው፣ ስለዚህ አዲሱ ከፊት።» ሲሰማ ያሳምናል።

አሁን እርጥብ ኩርባ ላይ አስቡት። የፊቱ ጎማ ቢያመልጥ መኪናው አልታጠፍም ብሎ ቀጥ ይላል። ያስደነግጣል፣ ግን እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ፍጥነቱ ይወርድና ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የኋላው ቢያመልጥስ? መኪናው ጅራቱን ይዞ ይዞራል። ማናችንም የምንፈራ ጊዜ እግራችን በደመ ነፍስ ከነዳጅ ይነሳል፤ ያ ደግሞ ክብደቱን ወደ ፊት ወርውሮ ኋላውን ይበልጥ ያቀለዋል። ለማረም የተደረገው ነገር ያባብሰዋል። ለዚህ ነው ትልልቆቹ የጎማ አምራቾች አዲሶቹን ከኋላ አድርጉ የሚሉት፣ መኪናው በፊት ጎማ የሚጎተት ቢሆን እንኳ። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም ያለውን ነው የሚያከፋፍለው፤ የሌለውን መያዝ ከየት ያመጣል?

በብዙ ፈጣን መኪኖች ላይ የፊትና የኋላው ልክ ጭራሽ ስለሚለያይ ማቀያየርም የለም። በአራቱም የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ሁለት ብቻ መቀየሩን ራሱ ሁለቴ አስቡበት። ያለቀ ጎማ ከአዲሱ በዙሪያው ያንሳል፤ ለአንድ ዓይነት መንገድ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። መሃል ላይ ያለው ኃይል አከፋፋይ ያንን ልዩነት ለማጣጣም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ሲታገል ይውላል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ልዩነት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው።

«ገና ጥርስ አለው»

የጓደኛዬን መኪና አየሁት። ከውጭ ሲታይ የኋላው ጎማ ግማሽ ያህል ጥርስ አለው፣ ተወልውሎ ያበራል። እጅህን ከውስጥ በኩል አስገባ አልኩት። ተንበርክኮ አስገባና ፊቱ ተቀየረ። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ላስቲኩ አልቆ ሽቦው ጣቱን ወጋው። ፈጣን መኪኖች ኩርባ ላይ እንዲይዙ ጎማቸው ከላይ ወደ ውስጥ ዘመም ተደርጎ ነው የሚታሰረው፤ በዚያ ላይ አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቀማመጥ፣ ከተዛባ ውስጡ ቀድሞ ይበላል። ቆመው የሚያዩት ደግሞ ውጩን ነው።

ጥልቀቱን በተመለከተ አዲስ ጎማ 8 ሚሊሜትር አካባቢ አለው። በብዙ አገር ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ 1.6 ሚሊሜትር ነው። ግን 1.6 ሲደርስ በድንገት አይደለም የሚበላሸው፤ ከ3 በታች ሲወርድ ውሃ ላይ ያለው ነገር በደንብ ይታወቃል። በሰፊ ጎማ ለሚነዳ ሰው 3 ላይ መቀየር ቅንጦት አይመስለኝም።

ዕድሜም አለ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን እንዳትረሱ፣ አለበለዚያ ጎማችሁ ከዕድሜው በታች አዲስ ይመስላችኋል። እሁድ እሁድ ብቻ የሚወጣ መኪና ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል። ሚሽሊን ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ በ10 ዓመት ደግሞ ምንም ቢመስል ይቀየር ይላል።

አሁን ቶሎ ቶሎ ልበል። ጎማው ቶሎ አለማለቁን የሚያመለክተው፣ ትሬድዌር የሚባለው ቁጥር 400 ከሆነ ከ200ው እጥፍ ይቆያል? የግድ አይደለም። ደረጃውን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ በአንድ አምራች ጎማዎች መካከል ለማነጻጸር ይረዳል፣ ከሌላው ጋር ግን ብዙ አትመኑት። አጠገቡ ያለው ትራክሽን ኤኤ ደግሞ የሚለካው እርጥብ ላይ ቀጥ ብሎ መቆምን ብቻ ነው። ስለ ኩርባ አንድ ቃል አይናገርም።

በአየር ፈንታ ናይትሮጅን ማስሞላትስ? የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ደረቅ መሆኑና ቀስ ብሎ መቀነሱ ጥሩ ነው፤ ጎማ ማየት ያስቀራል የሚለው ግን ወሬ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን ግፊትም አትሙሉ። እሱ የጎማው ጣሪያ ነው። የእናንተ መኪና ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ አለ፣ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። አየሩ በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ 1 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል።

ጎኑ ላይ ኮከብ፣ ኤምኦ ወይም ኤን ከነቁጥሩ ያለበት ጎማስ? ኮከቧ የቢኤምደብልዩ ናት፣ ኤምኦ የመርሴዲስ፣ ኤን የፖርሽ። «ማሻሻጫ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ለዚያ መኪና ተብሎ የተስተካከለ ነው። ያለ ምልክቱ መኪናው አይሄድም ማለት ግን አይደለም። ዋናው ምልክት ያለውንና የሌለውን በአንድ አክስል ላይ አለመቀላቀል ነው። ራንፍላት (አየር ቢያልቅበትም የሚነዳ ጎማ) የነበረውን ወደ ተራ ጎማ መቀየርም ይቻላል፣ ምቾቱም ይሻላል። ግን እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም። ራንፍላት አየር አልቆበት በ80 ፍጥነት 80 ኪ.ሜ ያህል ይወስዳችኋል፤ በተራው ግን ቆማችሁ መሪ ጨብጣችሁ ታስባላችሁ። መጠገኛና መንፊያ ግዙና ኋላ አስቀምጡ።

«አዲስ ነው፣ አሁን ልሞክረው»

አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ከሻጋታው እንዳይጣበቅ የተቀባው ነገር ፊቱ ላይ ይቀራል። ያ እስኪፋቅ፣ ላስቲኩም እስኪለማመድ ያዳልጣል። ከ150 እስከ 300 ኪ.ሜ ድረስ በእርጋታ ንዱ ነው ምክሩ። ይህን ለጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ጎማውን ባሳሰረ ማግስት ደወለ። «ያስመረጥከኝ ጎማ አይረባም! ኩርባ ላይ ኋላው ሸርተት አለብኝ።»

«ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህበት?»

ዝም አለ። ዳሽቦርዱን እያየ መሆን አለበት።

«አሥራ ሁለት።»