«አይደለም፥ ሳቅሽ እንጂ»

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ባለፈው ጉባኤ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከትምህርቱ በኋላ አንድ ወጣት ተነሥቶ ጠየቀ። ፍልስፍና የሚያነብ ልጅ እንደሆነ አነጋገሩ ያስታውቃል። «ሥጋው አፈር፣ አፈሩ ሣር ሆኖ፣ ሣሩንም ከብት የበላው ሰው በየትኛው ሥጋው ነው የሚነሣው?» አለ። እኔም በመመለስ ፈንታ ቀለድሁበት። ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ልጁ አብሮ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ያን ምሽት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን ገለጥሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከኤፊቆሮስና ከኢስጦኢኮች ፈላስፎች ጋር ተነጋገረ፤ «የሙታንንም ትንሣኤ በሰሙ ጊዜ እኩሌቶቹ አፌዙበት» ይላል። ይህን ክፍል የፈላስፎችን ትዕቢት ለማሳየት ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ! ያን ቀን ግን ስለ ትንሣኤ የጠየቀው ፍልስፍና አንባቢው ነበረ፤ ያፌዝሁት እኔ ነኝ። መዝሙረ ዳዊትን ስንጀምር የምንደግመው የዋዘኞች ወንበር ለካ በቤታችንም ይዘረጋል።

ፍልስፍና የሚጀምረው ከመደነቅ ነው፤ ፕላቶንም አርስጣጣሊስም ይህን ብለዋል። ሳቅም ብዙ ጊዜ ከዚያው ደጅ ይወጣል፤ የጠበቅነውና ያገኘነው አልገጥም ሲለን እንስቃለን። ልዩነቱ ከሳቁ በኋላ ባለው ነገር ነው። አንዱ ስቆ ያልፋል፤ ሌላው ስቆ «እንዴት ይሆናል?» ብሎ ይቀራል።

እናታችን ሣራን ተመልከቱ። እኔ ይህችን ታሪክ እጅግ እወዳታለሁ። እርስዋ ወደ 90፣ አብርሃም ወደ 100 ዓመት የተጠጉ ሰዎች ናቸው፤ ልጅ ትወልጃለሽ ተባለ። ከድንኳኑ ደጃፍ ሆና በልብዋ ሳቀች። ድምፅ እንኳ አልወጣትም፤ ጌታ ግን ሰማ። አልገሠጻትም፣ አልቀለደባትም፤ «በውኑ ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር አለን?» ብሎ ጠየቀ እንጂ። የልብዋን ጥያቄ በጥያቄ መለሰላት። ፈርታ «አልሳቅሁም» ስትል፣ «አይደለም፥ ሳቅሽ እንጂ» አላት። እዚህ ላይ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል። ጥርጣሬዋን እንድትሸሽገው አልፈለገም፤ ስለ ጥርጣሬዋም ተስፋውን አልነጠቃትም። አብርሃምም ቀደም ሲል በግንባሩ ወድቆ ስቆ ነበር። የልጁም ስም ይስሐቅ ተባለ፥ «ይሥቃል» ማለት ነው። እናቱ ልጅዋን በጠራችው ቁጥር ያንን የድንኳን ደጃፍ ሳቋን ትጠራ ነበር፤ አሁን ግን አታፍርበትም። «እግዚአብሔር ሳቅ አድርጎልኛል» አለች።

ከእናንተ አንዳንዶቹ «ኤልያስስ በበኣል ነቢያት አላገጠ አይደለም?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎን፣ አላግጧል። ግን ቁጥሩን አስተውሉ፤ እርሱ አንድ፣ እነርሱ 450 ነበሩ፤ ከኋላቸውም ንጉሥ ቆሞላቸዋል። እኛ በዚያ ቀን ስንት ነበርን? የተሳቀበትስ?

ጳውሎስም በኤፌሶን መልእክቱ ምዕራፍ 5 «ዋዛ» አይገባም ያለበት የግሪክ ቃል «ኤውትራፔሊያ» ነው። ይህንኑ ቃል አርስጣጣሊስ ከበጎ ምግባር ቆጥሮታል፤ በቧልተኛውና በደረቁ ሰው መካከል ያለ የጨዋታ ለዛ ነው ብሎ። የቃሉ መሠረት «በቀላሉ የሚዞር» ማለት ነው። ዮሐንስ አፈወርቅም ይህን ቃል ሲተረጉም እንዲህ ያለው ሰው እንደ ጊዜው መልኩን ሁሉ ይለዋውጣል ብሎ አጥብቆ ገሥጿል። እኔ ጨዋታ ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። ግን ምላሴ እንዴት ፈጥኖ ዞረ! ለመመለስ ያልተዘጋጀሁበትን ጥያቄ በሳቅ ሸፈንሁት፤ እናንተም ሳቃችሁ፣ እኔም አለማወቄ ሳይታይ ዳንሁ።

እባካችሁ፣ መምህራን ሆይ፣ ይህን አታድርጉ። ጥያቄ በውስጣችሁ ተደብቆ የሚያስጨንቃችሁ ልጆችም፣ በሣራ ልብ ውስጥ የነበረውን የሰማ አምላክ የእናንተንም ይሰማል፤ እርሱ አይስቅባችሁም።

ያን ወጣት የሚያውቅ ካለ እየፈለግሁት እንደሆነ ይንገርልኝ። በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ የቆሮንቶስ አንደኛን ምዕራፍ 15 ይዤ አብሬው መቀመጥ እፈልጋለሁ፤ «ሙታን እንዴት ይነሣሉ? በምንስ ዓይነት አካል ይመጣሉ?» የሚለው የእርሱ ጥያቄ እዚያ ተጽፎአል።