የተማሪዎች ደኅንነት ኃላፊ ምንድን ነው?

«የደኅንነት ኃላፊ» ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው በር ላይ መታወቂያ የሚፈትሽ ጥበቃን፣ አለዚያም የስለላ መሥሪያ ቤትን ነው። የተማሪዎች ደኅንነት ኃላፊ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ ቃሉ የቆመው «ደኅና ነህ? ደኅና ነሽ?» ስንባባል በምንጠቀምበት ትርጉሙ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ደኅና» ተባብለን እንተላለፋለን። ይህ ሰው ግን ጥያቄውን ጠይቆ እውነተኛው መልስ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ፣ ከሰማም በኋላ አንድ ነገር እንዲያደርግ የተመደበ ነው።

መልሱ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው አለ፤ በፈተና ሳምንት እናቷን የቀበረች አለች፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ያረገዘች፣ ከመኝታ ክፍል ባልደረባው ጋር መኖር ያልቻለ፣ ትምህርቱ በዊልቸር በማይደረስበት ፎቅ ላይ የተመደበበት አለ። መምህሩ የሚያየው ባዶውን ወንበር ብቻ ነው። ወንበሩ ለምን ባዶ እንደሆነ መጠየቅ የዚህ ኃላፊ ሥራ ነው።

ተማሪ ከለላ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ እንደ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የቆየ ነው። በመካከለኛው ዘመን ለትምህርት ወደ ጣሊያኗ ከተማ ወደ ቦሎኛ የሄደ እንግዳ፣ የአገሩ ልጅ ተበድሮ ባልከፈለው ዕዳ ምክንያት ሊያዝ ይችል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ እ.ኤ.አ. በ1158 ያጸናው ሕግ ይህን ከለከለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ተማሪዎች ራሳቸው ለተማሪዎች ሲቆሙ እናያለን፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ናይትላይን» የተባለው አገልግሎት፣ ሌሊት የጨነቀው ተማሪ ደውሎ ሌላ ተማሪ የሚያዳምጠው ነው።

ዛሬም ኃላፊው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ተማሪዎች ከመካከላቸው የሚመርጡት ነው፤ በብሪታኒያ በብዙ የተማሪዎች ኅብረቶች እንዲህ ያለው ተመራጭ ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቁሞ ወይም እንደተመረቀ ደመወዝ እየተከፈለው ያገለግላል። ተቀጣሪው ልምድ አለው፤ የትኛው ውሳኔ በየትኛው ቢሮ እንደሚያልፍም ያውቃል። ተመራጩ ግን በአስተዳደሩ ስብሰባ ላይ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ሳይፈራ መናገር ይችላል። አንዱ ሌላውን ይተካል ብዬ አላምንም።

ከሥራው ሁሉ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ተማሪው «ትምህርቱን ልተወው ነው» ብሎ ለሚመጣበት ቀን ነው። ጥሩ ኃላፊ ያን ቀን በምክር አይጀምርም። የሚጀምረው የትምህርት ዘመኑን ቀን መቁጠሪያ በመክፈት ነው። በቅጽ ጠይቆ ለጊዜው ማቋረጥና ዝም ብሎ መጥፋት ለተማሪው ልብ አንድ ናቸው፤ ለመዝገብ ቤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በቅጽ ያቋረጠ ተማሪ በአብዛኛው ቦታው ተጠብቆለት ይመለሳል፤ የጠፋውን ግን ባልተቀመጠበት ፈተና ሁሉ መውደቅ ይጠብቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ወረቀትና አንድ የመጨረሻ ቀን ነው። ያዘነ ሰው ደግሞ የመጨረሻ ቀን አያስታውስም። ስለዚህ ኃላፊው ቀኑን ያስታውስለታል፤ ቅጹንም አብሮት ይሞላል። ከመፈረሙ በፊትም ማቋረጡ የነፃ ትምህርት ዕድሉን፣ መኝታውን፣ ከውጭ አገር የመጣ ከሆነም የመኖሪያ ፈቃዱን ይነካ እንደሆነ ያጣራል። ይህን የመሰለ ተራ የወረቀት ሥራ ሰው ያድናል።

ሌላው ምስጢር ነው። አባት ስልክ ደውሎ «ልጄ ምን ሆነች?» ሲል፣ ልጅቷ ለአካለ መጠን የደረሰች ከሆነች ኃላፊው ያለ ፈቃዷ መመለስ አይገባውም፤ ወደ ቢሮው መጥታ እንደነበር እንኳ አይናገርም። ለአባት ይህ ጭካኔ ይመስለዋል። ነገር ግን ወሬው ወደ ቤት እንደሚሄድ የጠረጠረ ተማሪ ያንን በር ፈጽሞ አያንኳኳም። ምስጢሩ ወሰን አለው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ዝምታው ይቆማል። ሐቀኛ ኃላፊ ይህን ወሰን የሚናገረው ተማሪው አፉን ሳይከፍት ነው እንጂ ሁሉን ካወጣ በኋላ አይደለም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከጠረጠረም በግልጽ ይጠይቃል። መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት ትክክል አይደለም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ።

ኃላፊው ሐኪም፣ ጠበቃ ወይም ዳኛ አይደለም። ወደ እነርሱ ያደርሳል፤ ማድረስ ማለትም የስልክ ቁጥር ጽፎ መስጠት ሳይሆን ቀጠሮ ማስያዝ፣ ተማሪው ከፈቀደ ነገሩን አስቀድሞ ማስረዳት፣ ታሪኩን በየቢሮው ከመጀመሪያው እንዳይደግም ማድረግ ነው። ውጤት መለወጥ አይችልም፤ በፈተና ቀን የታመመ ተማሪ ማስረጃውን በጊዜው ለኮሚቴው እንዲያቀርብ ግን ይረዳል። እዚህ ላይ ተማሪዎች በጣም የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ መምህሯ እንደተነኮሳት ለኃላፊው የነገረች ተማሪ ክስ አቅርቤያለሁ ብላ ልታምን ትችላለች። በብዙ ቦታ መናገርና በይፋ አቤቱታ ማቅረብ ሁለት ነገሮች ናቸው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ያልነገራት ኃላፊ ሳያውቅ ወራት ያባክንባታል።

አንድ ተማሪ ሲመጣ ጉዳዩ የእርሱ ነው። ከአንድ ትምህርት ክፍል አሥር ተማሪዎች በአንድ ወር ውስጥ እንቅልፍ አጣን ብለው ከመጡ ግን የአሥሩን ጭንቀት ለየብቻ ማከም አይበቃም፤ የፈተናውን መርሐ ግብር ማየት ያሻል። ስለዚህ ኃላፊው ስም ሳይጠራ የመጡትን ይቆጥራል፤ ቁጥሩን ይዞም የጊዜ ሰሌዳ፣ የመኝታና የክፍያ ጉዳይ ወደሚወሰንባቸው ስብሰባዎች ይገባል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን የሥራውን ግማሽ ረስተው ኃላፊውን ሶፋ ያለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ያስቀምጡታል፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች በዚያው መርሐ ግብር እንቅልፍ አጥተው ወደዚያው ክፍል ይመጣሉ።