«ከአፍ ከወጣ አፋፍ»፦ ትርጉሙና የሰው ሀብት ባለሙያ አነጋገር

አፋፍ የገደል ጫፍ ነው፤ ሜዳው አልቆ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት። ቃል ከአፍ ካመለጠ አፋፍ ላይ እንደደረሰ ድንጋይ ይሆናል፤ ተንከባሎ የት እንደሚያርፍ ተናጋሪው አያዝበትም፣ ልመልሰው ቢል አይደርስበትም። የአባባሉ ጉልበት ከድምፁ ይመነጫል፤ «አፋፍ» ሲባል «አፍ» አብሮ ይሰማል። አማርኛ የጉድጓድንም መግቢያ «አፍ» ስለሚለው፣ ጆሯችን የሰውን አፍና የገደሉን ጫፍ አንድ ቦታ አድርጎ ይቀበላቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምሥጢር ላወጣ ሰው ነው። እኔ ግን ስለ ብዝኃነትና አካታችነት ለሚናገር የሰው ሀብት ባለሙያ የበለጠ ይገባል እላለሁ፤ የእሱ ቃል የሠራተኛ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣልና።

በአንድ የቅጥር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል፦ «ማየት የተሳነው ቢሆንም ሥራውን በሚገባ ይችላል።» ጸሐፊዋ ልታመሰግነው ፈልጋ ነው፤ ክፋት አላየሁባትም። ግን «ቢሆንም» የምትለዋን ልብ በሉ። አይችልም ብለን ጠብቀን ነበር፣ መቻሉ አስገረመን ማለት ናት። ማኅደሩን የሚከፍት ኃላፊ ሁሉ ከሰውየው ሥራ በፊት የሚያገኘው ይህችን ቃል ነው። ዕድገት ሲመጣ ደግሞ «ከባድ ነገር አንጫንበት» የሚል አዛኝ አይጠፋም፤ ሰውየውን የሚጠይቀው ግን የለም።

«ይህ ሁሉ በአንዲት ቃል?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አድልዎን ሲተረጉም ዓላማን ብቻ ሳይሆን ውጤትንም ያያል፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛው የሚያስፈልገውንና ከአቅም በላይ ያልሆነውን ማስተካከያ፣ መከልከልም አድልዎ ነው ይላል። ስለዚህ «ለክፋት አላልኩትም» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

አዲስ ገቢን «ብዝኃነታችንን አሟላችልን» ብሎ ማስተዋወቅም እንዲሁ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ሆና የመጣችው ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ በሙያዋ ሳይሆን በቁጥር ማሟያነቷ ትታወቃለች።

ያን ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦ «የጽሑፍ ፈተናውን ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ በተሰጠው ሰዓት ጨርሷል። ሥራውን በሚገባ ይችላል። ይኸው ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ይጫንለት።»